ከሻርፕ ሥር የተዳሰሰ አንገት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ውኃ አላረካ ያላት።

ቁጭ በይ አዜብ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፤ አይሸሽም። ዛሬ ጠዋት አልጋ አሥራ አንድ አጠገብ ቆመን የጠየቅሽኝን በሰው ፊት ልመልስልሽ አልፈለግሁም። «ፕሮፌሰር፣ አባባ የሚያማቸውን ሁሉ ነግረውኛል፤ የቀረውን ደግሞ ላቦራቶሪው ነግሮኛል፤ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?» አልሽኝ። የሰውዬው ካልሲየም ከፍ ብሏል፤ ራጁ ላይ ደረታቸው ውስጥ እጢ ይታያል፤ አንቺም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቻቸውን ሰብስበሽ ካንሰር ነው ልትያቸው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ጊዜ አለን። ለዚያች ሴት ወሬ ይበቃል።

ይህች ሴት የአንድ ሰፈር እድር የወጥ ቤት አዛዥ ነበረች። ሐዘን ሲሆን ከድንኳኑ ቀድማ ትደርሳለች፤ ሰርግ ሲሆን ሙሽራው ሳይቀር ይፈራታል። ሃያ ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ እሷ መሀል ቆማ በማማሰያ ታዛለች። ወጥ ቀምሳ አታውቅም። በድስቱ አጠገብ ስታልፍ ብቻ «ጨው ጨምሩ» ወይም «ይሄን ማን ነው ያበላሸው?» ትላለች፤ ተሳስታም አታውቅም ይባል ነበር።

በአንድ ዓመት ውስጥ ይህች ሴት ሌላ ሰው ሆነች። አጥንቷን ይቆረጥማት ጀመር፤ ከአልጋ መነሣት አቃታት። ውኃ በጀሪካን እየጠጣች ጥሟ አልቆረጥ አለ፤ የጠጣችውን ያህል ደግሞ ትሸናለች። ሆዷ ደረቀ። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ እድሩ ግን ያውቅ ነበር፤ እድር የማያውቀው ነገር የለም። ከሁሉ የባሰው መርሳቷ ነው። አንድ ቀብር ላይ አንዱን ድስት ሦስት ጊዜ ጨው ጨመረችበት። የሟቹ ወንድም አንድ ጊዜ ጎርሶ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ለቀስተኛውም የወንድም ፍቅር መስሎት አብሮት አለቀሰ።

ሴቶቹ ግን ወጡን አውቀውት ነበር። ያን ቀን አዛዣቸው እንደታመመች ገባቸው፤ በማግስቱም ጥየቃ ተጀመረ።

እኛ ዘንድ በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዷ ወተት ይዛ መጣች፤ ሁለተኛዋ እርጎ፤ ሦስተኛዋ አይብ፤ አራተኛዋ በወተት የተበጠበጠ አጥሚት። አጥንቷን ነው የሚያማት ሲባል ደግሞ አጥንት በምን እንደሚጠና የማያውቅ ሰው በሰፈሩ ጠፋ። አንዱ ከፋርማሲ የአጥንት ኪኒን ገዝቶ አመጣ፤ ጎረቤቱ የሱ እንዳያንስ ሁለት ብልቃጥ ጨመረ። ጠዋት ጠዋት አራት ሴቶች ፍራሿን በአራት ማዕዘን ይዘው ደጅ ያወጧታል፤ ፀሐይ አጥንት ይገጥማል ብለው። ወደ ጥላው ስትሳብ መልሰው ያወጧታል። በተወደደች ቁጥር ትከሳለች። በከሳች ቁጥር ወተቱ ይጨመራል። ሰፈሩ በሙሉ ተባብሮ በወተት እየገደላት ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው፤ ፍቅራቸውን ልንቅ አልችልም።

በመጨረሻ ልጆቿ ሆስፒታል አመጧት። እዚያ አንድ ወጣት ሐኪም ነበረ። ስሙን አልነግርሽም፤ ዛሬ ሽበት አለው። ብዙ ውኃ ትጠጣለች ሲባል ስኳር ለካ፤ ደህና ነው። ከዚያ ካልሲየም ለካ። ከአሥር ተኩል ማለፍ የሌለበት ነገር አሥራ አራት ሆኖ አገኘው። ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ፊት ዛሬ ጠዋትም አይቻለሁ፤ የማን እንደነበረ አልናገርም።

ወጣቱ ሐኪም እንዲህ አሰበ። ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት አንገት ውስጥ ያሉ አራት ትናንሽ ዕጢዎች ናቸው። በእድሜዋ ያለች ሴት ካልሲየሟ ከፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው ያመፀው። አስተሳሰቡ ጥፋት የለበትም፤ እኔም አስተምረዋለሁ። የዕጢዎቹን ሆርሞን የሚለካው ምርመራ ያኔ ወደ ውጭ አገር ይላክ ስለነበር ውጤቱ እስኪመጣ ከወር በላይ ይቆያል። እስከዚያው አንገቷን ላያት ብሎ ተነሣ።

ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ ነበር። «አውልቂው» አላት። «በርዶኛል» አለችው። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ በወረቀት ያራግባል። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበታል፤ ከእናቱ እኩያ ጋር መከራከርም አፈረ። ሁለት ጣቶቹን ከሻርፑ ሥር አስገብቶ ግራና ቀኝ ዳበሰ። አንድ ትንሽ እብጠት ያገኘ መሰለው። ከዚያም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ አሰፈረ፤ «አንገት፦ ቆዳው ጤናማ ነው፤ በስተግራ ትንሽ እብጠት አለ።» ቆዳውን አላየም። ጽሑፉ ግን በእውነት ያምር ነበር።

አልትራሳውንዱም እብጠቱን አየ። ጉዳዩ ለአንድ ቀዶ ሐኪም ተላለፈ። ይህ ሰው እጁ ፈጣን፣ ልቡ ደፋር ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ስለ ሌላ ሰው የተተረተ ይመስለው ነበር። ራጇ ላይ በደረቷ ግራና ቀኝ እጢ ይታያል። ቲቢ ይሆናል አሉ፤ አክታዋ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። «ከአንገቱ ስንመለስ እናየዋለን» አለ ቀዶ ሐኪሙ፤ ሆርሞኑንም ሳይጠብቅ ቀን ቆረጠ። መጠበቁም ቀላል አልነበረም። በግሉኮስ መስመር ፈሳሽ እየተሰጣት እንኳ ኩላሊቷ መድከም ጀምሯል። አንገቷ በከንቱ ተከፍቶ ካልሲየሙ እዚያው ቢቀር ኩላሊቷን ታጣለች፤ ያኔ ኩላሊት ያጣ ሰው የሚሄድበት ቦታ አልነበረም። ይህንን ልብ በይ፤ የቀረው የሚያስቅ ስለሆነ እንዳትረሺው።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት አንዲት በእድሜ የገፋች ነርስ አንገቷን ልታጥብላት ገባች።

«እቴ፣ ሻርፑን አውልቂው።»

«አላወልቅም።»

«ታዲያ በየት በኩል ይከፈታል?»

«ከሥር ገብቶ ያውጣው። ያኛው ሐኪም ከሥር ገብቶ አይቶ የለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ያ ወጣት ሐኪም ቢኖር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ደግነቱ አልነበረም። የመጣው ቀዶ ሐኪሙ ነው። በልብስ ላይ መቁረጥ እንደማይቻል፣ ሻርፑ በአስቸኳይ መውለቅ እንዳለበት አስረዳት። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ክዳን ሳልከፍት ወጥ መብሰሉን አውቃለሁ» አለችው። «አንተ የምን ሐኪም ነህ?»

 ነርሷ ቀዶ ሐኪሙን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አስወጣችውና መጋረጃውን ሳበች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የደንብ ልብሷን የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፤ ኮሌታዋንም ወደ ታች ሳበች። አንገቷ ዙሪያውን የደበዘዘ አረንጓዴ ንቅሳት ነበረበት።

«ይኸው» አለቻት። «እኔም ስሸፍነው ሠላሳ ዓመቴ። የክፍለ ሀገር ልጅ መሆኔን እንዳያውቁብኝ ነበር። አፌን ስከፍት ሁሉም ያውቁታል፤ እኔ ግን መሸፈኑን አልተውኩም።»

ሴትዮዋ የነርሷን አንገት ብዙ አየችው። ከዚያ ሻርፑን ፈታች።

የእሷም አንገት ተነቅሷል። ሦስት ረድፍ መስመር፣ መሀሉ ላይ ትንሽ መስቀል፤ የልጅነት ሥራ ነው። ነገር ግን መስመሩ ሁሉ አብጧል። በቆዳዋ ሥር ጨሌ የተሰካ ይመስላል፤ ወደ ሐምራዊ ያደላ፣ ሲነኩት የሚቆረቁር። ካላበጠው ቆዳ የሚለየው ድንበር እንኳ በመርፌ ተወጋግቶ እንደተሣለው ልክ ነው።

«እናቴ ናት» አለች። ከአገሯ ስትወጣ እናቷ እንዲህ ብላት ነበር፤ ይህን አንገት የከተማ ሰው አፍረሽ ከሸፈንሽው ያብጥብሻል። ብዙ ዓመት አልሸፈነችውም። ኋላ ሴት ልጆቿ አደጉና በምረቃቸው ቀን «እማዬ፣ ፎቶ ላይ ደስ አይልም» አሏት፤ ሻርፕም ገዙላት። ከጥቂት ዓመት በኋላ የእናቷ ቃል ደረሰ። እሷም ያበጠውን ለመሸፈን ሻርፑን አጠበቀችው። ሕመሟን ሁሉ፣ ሆዷን ሳይቀር ለሐኪሙ ተናግራለች። ይህን ግን እንደ ሕመም አልቆጠረችውም፤ የእናት ቃል ለሐኪም አይነገርም።

ነርሷ የበሽታውን ስም አታውቅም። ከኪሷ ትንሽ መስታወት አውጥታ የራሷን አንገት አየች፤ ቀና ብላ የሴትዮዋን አየች፤ እንደገና የራሷን።

«የኔም እናት ረግማኛለች» አለች። «የኔ ግን አላበጠም።»

አዜብ፣ በዚያ ሆስፒታል በዚያ ዓመት ከዚህ የተሻለ የምርመራ ውጤት አልወጣም። ነርሷ ተነሥታ ኮሪደር ላይ ያገኘችውን ያን ወጣት ሐኪም ክንዱን ይዛ አመጣችው፤ «ና፣ ጤናማ ነው ያልከውን እይ» አለችው። አየ። ሲያይ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ያነበበው አንድ ገጽም ትዝ አለው። የድሮ ጠባሳንና ንቅሳትን ፈልጎ የሚያሳብጥ በሽታ አለ።

ሳርኮይዶሲስ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ወሬ ስሚው። የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ለምን እንደሆነ በውል ባልታወቀ ምክንያት ይሰበሰቡና ጉብታ ጉብታ ይሠራሉ፤ በሳንባ፣ በእጢ፣ በቆዳ። እነዚህ ጉብታዎች ዝም ብለው አይቀመጡም። ቫይታሚን ዲን ወደ ሥራ የማሰማራት ሥልጣን የኩላሊት ነው፤ እነሱ ግን ማንም ሳይሾማቸው ማኅተም እንደሚመታ የቀበሌ ሠራተኛ በየጥጉ ያሰማሩታል። የተሰማራው ቫይታሚን ከወተቱም ከአይቡም ካልሲየም እየዛቀ ወደ ደም ያስገባል። ፀሐዩ ቫይታሚኑን ይጨምራል፤ የፋርማሲው ኪኒን ሁለቱንም ይጨምራል። አሁን ሰፈሩ ምን ሲያደርግ እንደከረመ ይገባሻል።

ቀዶ ሕክምናው ቆመ። በምትኩ ከንቅሳቱ ላይ ምስር የምታህል ቁራጭ ተወሰደች። «መስቀሉን እንዳትነካ፤ ከዳር ውሰድ» አለች ሴትዮዋ፤ ከዳር ተወሰደ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉብታው ቁልጭ ብሎ ተገኘ። የቲቢ ጀርም በሁሉም መንገድ ተፈልጎ ታጣ። አንገቷ ውስጥ የተገኘው እብጠትም ከአራቱ ዕጢዎች አንዱ ሳይሆን በዚሁ በሽታ ካበጡት የደረቷ እጢዎች ወገን ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው ወር ከውጭ የመጣው የሆርሞን ውጤት የሌለ ያህል ዝቅተኛ ነበር። ካልሲየም ሞልቶ ሲያዩ አራቱ ዕጢዎች ሥራቸውን አቁመው ተኝተዋል፤ ቢላ የተሳለላቸው ንጹሐን ነበሩ። ቀዶ ሐኪሙ ይህን በሰማ በሦስተኛው ቀን እኔም ጠርጥሬ ነበር ማለት ጀመረ።

ጉብታዎቹን የሚያከስመው መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ተጀመረላት። ከዚህ የከበደው ሰፈሩን ማከም ነበር። ወጣቱ ሐኪም የእድሩን ሴቶች ሰብስቦ ወተት እንዳያመጡ ነገራቸው። ሴቶቹ ተያዩ።

«እርጎስ?» አለች አንዷ።

«እርጎም።»

«አይብስ? አይብ እኮ ወተት አይደለም።»

«አይብም።»

«ፀሐይዋንስ?»

«በጥላ ትቀመጥ።»

ወተትና ፀሐይ የከለከለ ሐኪም ብለው በሰፈሩ ስሙን አጠፉት። አንዷማ ደም መጣጭ ነው አለች። እሱ ግን በየሁለት ቀኑ ደሟን ይመረምር ነበር፤ አሥራ አራቱ አሥራ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ አሥር ሆነ። ጥሟ ቆረጠ። ሆዷ ሥራውን ጀመረ፤ ይህንንም እድሩ በዚያው ቀን አወቀ። ኩላሊቷ ተመለሰ። ንቅሳቱ ቀስ እያለ ተኛ፤ መስመሩም መስመር ሆነ።

«እናቴ ይቅር አለችኝ» አለች።

«መድኃኒቱ ነው» አላት ወጣቱ ሐኪም።

«እሱንም የላከችው እሷው ናት» አለችው። 

መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎቷን ከፈተው፤ ጉንጮቿም ሞሉ። ሻርፑን ጥላ በአንድ ሰርግ ላይ ማማሰያዋን ይዛ ስትቆም የሰፈሩ ሴቶች አዩዋትና ኮሩ። «አያችሁ?» ተባባሉ። «ያ ሁሉ ወተት አሁን ሠራላት።»

እንግዲህ አዜብ፣ ምሳሌው ላንቺ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ተረቱን በሽተኛው ላይ ለመወርወር እንወዳለን። ያቺ ሴት በሽታዋን አልደበቀችም። የደበቀችው ሐፍረቷን ነው፤ በሽታው ሐፍረቱ ላይ መቀመጡን ማን ይንገራት? በሽተኛ የሚነግርሽ እሱ በሽታ ነው ያለውን ብቻ ነው። ላቦራቶሪ የሚመልስልሽ የጠየቅሽውን ብቻ ነው። ካልሲየሙ አሥራ አራት መሆኑን ወረቀቱ ተናገረ፤ ማን እንዳደረገው ግን አልተናገረም። ከሁለቱ መሀል ማንም የማይነግርሽ ነገር ይቀራል፤ ሐኪም የተባልሽው ለዚያ ነው።

ሴትዮዋ ያንቺ አልጋ አሥራ አንድ ናት። ሻርፑ አባባ ከገቡ ጀምሮ ያላወለቁት ጋቢ ነው። ዛሬ ጠዋት ማዳመጫሽን በጋቢው ላይ ስታሳርፊ አይቼሻለሁ፤ መዝገቡ ላይ «ቆዳ፦ ጤናማ» ብለሽ የጻፍሽውንም አንብቤያለሁ፤ የእጅ ጽሑፍሽም ያምራል። ያ ወጣት ሐኪም ማን እንደሆነ ሳይገባሽ አልቀረም፤ ስለዚህ የምቆጣሽ አይደለሁም።

ከጋቢው ሥር ምን እንዳለ አላውቅም። የድሮ ጠባሳ አብጦ ታገኚ ይሆናል። ምንም ላታገኚም ትችያለሽ። ካንሰር ነው ያልሽው እውነት ከሆነም ዘጠኝ ሰዓት ባይሆን ነገ ትነግሪያቸዋለሽ፤ እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ። ሳታይ ብትነግሪያቸው ግን፣ ልክ ብትሆኚ እንኳ በአጋጣሚ ነው ልክ የሆንሽው። ልክ ካልሆንሽ ደግሞ በሕይወት ላለ ሰው ልቅሶ ታስቀምጫለሽ፤ አንዴ የተቀመጠ ልቅሶ በስሕተት ነው ተብሎ አይነሣም።

አሁን ሂጂ። መጋረጃውን ሳቢ፤ ወንበር ይዘሽ ከጎናቸው ተቀመጪ፤ ጋቢውን እንዲያወልቁ ሳትቸኩዪ ለምኛቸው። ልጆቻቸው ቀድመው ከመጡ እዚህ አስቀምጬ አቆይልሻለሁ። ወሬ አላጣም።